በሃኒ ስም

ከአገና ወጣ ብሎ፣ ወደ ገጠር በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ከእንሰቱ በላይ አንገቱን ያሰገገ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። ቀን ላየው ሰው ተዘግቶ የከረመ ቤት መሆኑ ያስታውቃል። መጋረጃው አይገለጥም፤ በረንዳው ላይ ልብስ አይሰጣም፤ የመኪና መግቢያው ላይ ሣር በቅሏል። ሲመሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። መጀመሪያ ሳሎኑ ይበራል። ጥቂት ቆይቶ እሱ ይጠፋና ፎቁ ላይ በግራ በኩል ይበራል። ከዚያ ወጥ ቤቱ። ከሩቅ የሚያይ መንገደኛ "እነዚህ ሰዎች ስንት ቢሆኑ ነው!" ይላል።

አንድ ናት። ተረፈች ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል። መብራቱን ከክፍል ክፍል እያዞረች የምታበራው የቤቱ ባለቤት አቶ ብርሃኑ ስላዘዟት ነው። "ሌባ ውሻ አይፈራም፤ ሰው ነው የሚፈራው። ቤቱ ሰው የሞላበት ይምሰል" ብለዋታል።

አቶ ብርሃኑ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ በጣቃ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ናቸው። ይህን ቤት የሠሩት ለመስቀል ነው። በዓመት አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ዐሥር ቀን፣ ሚስታቸውን እትዬ ሙሉን፣ ልጆቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች ይዘው ይመጣሉ። በሬ ይታረዳል፣ ይበላል፣ ይጨፈራል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ከዚያ መኪኖቹ ተከታትለው ይወጣሉ። የቀረውን ዓመት በቤቱ የምትኖረው ተረፈች ናት። እናት አባቷን በልጅነቷ አጥታ፣ በሩቅ ዝምድና አቶ ብርሃኑ ወደ አዲስ አበባ ወስደው አሳድገዋታል። ልጅም ሠራተኛም ሳትሆን፣ ቀን እየሠራች ማታ እየተማረች ዐሥረኛ ክፍል ደረሰች። የቤቱ ግንባታ ሲያልቅ "ከዘመድ ወዲያ ማን ይታመናል?" ተባለና ቁልፉ ተሰጣት። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ።

ሥራው ከባድ ነው አይባልም። ሶፋዎቹ የለበሱትን አንሶላ እያነሳች ታራግፋለች። ማንም የማይገባበትን የፎቅ መታጠቢያ ቤት ቧንቧው እንዳይደርቅ ሐሙስ ሐሙስ ውኃ ትለቅበታለች። የሚከብደው ዝምታው ነው። አንዳንዴ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ከአፏ ሳይወጣ ይቀርና፣ ጎረቤቷ እትዬ ዘይባ በአጥሩ ላይ ሲጣሩ "አቤት" የምትለው ድምፅ ሻክሮ ይወጣል።

"ታመሻል እንዴ?" ይሏታል እትዬ ዘይባ።

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"እኔማ ወላሂ፣ ሞታለች ብዬ ነበር። መብራቱ ከክፍል ክፍል ይዞራል፣ ሰው ግን አይታይ! ጅኒ ገብቶበታል እያልኩ ነው የማድረው።"

ተረፈች ትስቃለች። እትዬ ዘይባ ወደ እንሰታቸው ሲመለሱ ሳቁም አብሮ ይመለሳል።

ከቤቱ ልጆች የመጨረሻዋ ሃኒ ናት፤ ኮሌጅ ትማራለች። ሃኒ በመጣች ቁጥር የሆነ ነገር ትታ ትሄዳለች። የጠበባትን ሱሪ፣ የሰለቻትን ሹራብ "አንቺ ልበሺው" ትላለች፤ መጽሐፍ ደግሞ ሳትል ትረሳለች። ተረፈች የተተወላትን ትለብሳለች፤ የተረሳውን ታነባለች። ባለፈው መስቀል ከሃኒ አልጋ ሥር ተንሸራቶ የተገኘው መጽሐፍ ሽፋኑ ጥቁር፣ ዳር ዳሩ ላይ ላባ የተሳለበት ነበር። ተረፈች ለክረምቱ ብላ አስቀመጠችው፤ በክረምት ዝናቡ መንገዱን ሲዘጋው የቤቱ ዝምታ ይብሳልና።

የሰኔ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሃኒን ሱሪና ሹራብ ለብሳ በረንዳው ላይ መጽሐፉን ገና መግለጧ ነበር። ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ወረደ። የእትዬ ዘይባ ጥጃ ሣር እንድትግጥ ተብሎ ክፍት በተተወው የግቢ በር፣ ነጭ ጋውን በራሷ ላይ የደረበች ወጣት እየሮጠች ገባች።

"ይቅርታ እህቴ፣ ዝናቡ አባሮኝ ነው!"

"ነይ፣ ነይ፣ ወደዚህ ውጪ።"

ልጅቷ ጋውኗን ጨመቀች። ሩቲ እንደምትባል፣ ነርስ እንደሆነች፣ ከቡታጅራ ወደ አገና ጤና ጣቢያ ተመድባ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ወሬ የራበው ሰው እንዲያ ነው። ከዚያ ዐይኗ ወንበሩ ላይ ከተዘረጋው መጽሐፍ ላይ አረፈ፤ አነሳችውና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። በሰማያዊ እስክሪብቶ "ሃኒ ብርሃኑ" ተብሎ ተጽፎበታል።

"ሃኒ ነሽ ማለት ነው! ማታ ማታ መብራታችሁን ከተከራየሁበት ግቢ ሆኜ አያለሁ። ብዙ ናችሁ መሰለኝ።"

ተረፈች "አይደለሁም" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን ሩቲ የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፤ ለሁለተኛው መልስ መስጠት ቀለላት።

"አሁን እንኳን ብቻዬን ነኝ" አለች።

"ለማረፍ መጥተሽ ነው?"

"ክረምቱን... አዎ።"

የአዲስ አበባ አማርኛዋ፣ የሃኒ ሹራብ፣ ትልቁ ቤት፣ ሁሉም መሰከሩላት። እዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ ባዶ የሚከርም ስንት ቤት እንዳለ፣ በእያንዳንዱም ውስጥ አንድ ጠባቂ እንዳለ፣ ሩቲ አላጣችውም። ጠባቂ ግን በረንዳ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል ብላ አላሰበችም።

ዝናቡ አባርቶ ሩቲ ልትሄድ ስትነሳ "ይሄን መጽሐፍ ስትጨርሺ ታውሺኛለሽ?" አለች።

ተረፈች ብትሰጣት ይዛው እንደምትሄድና ሌላ መምጫ ምክንያት እንደማይኖራት ገባት። "አብረን ብናነበውስ?" አለች፤ በራሷ ድፍረት ፊቷ ጋለ።

እንዲህ ተጀመረ። ሩቲ ከሥራ ስትወጣ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ትመጣለች። አንድ ምዕራፍ አንዷ፣ አንድ ምዕራፍ ሌላዋ፣ ጮክ ብለው ያነባሉ። ደንብም አወጡ፤ ማንም ቀድሞ ብቻውን አይገልጥም።

መጽሐፉ፣ መግቢያው ላይ እንደተጻፈው፣ የተነሳው ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት በፈረንጅ አገር ከተሠራ፣ ባሌት ከሚባል የጭፈራ ትርኢት ታሪክ ነው። በዋናው ታሪክ አንድ ጠንቋይ ልጃገረድን ወደ ነጭ ወፍ ይለውጣታል፤ ቀን ሐይቅ ላይ ስትንሳፈፍ ውላ ሲመሽ ሰው ትሆናለች። የንጉሥ ልጅ አይቷት ይወዳታል። በሰው ሁሉ ፊት "እሷን ብቻ" ብሎ ቢምል አስማቱ ይፈርሳል። ጠንቋዩ ታዲያ የገዛ ልጁን ያችኑ ልጃገረድ አስመስሎ፣ ጥቁር አልብሶ፣ ወደ ግብዣው ይልካታል። ልዑሉ ይሳሳታል። ጥቁሯ ልጅ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች የጠየቀ የለም።

ይህ መጽሐፍ የጠየቀው እሷን ነበር። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትናገረው እሷ ናት፤ ጨለማውም ከዚያ ይመጣል። ሐይቁ ጥቁር ነው፤ የሰው ስም ይጠጣል። ጠንቋዩ ከሞቱ ሴቶች መስታወት ላይ ፊት እየላጠ ለልጁ ያለብሳታል። አንድ ፊት ባጠለቀች ቁጥር ከራሷ አንድ ነገር ይጎድልባታል፤ አንዴ የእናቷ ድምፅ፣ አንዴ የወተት ጣዕም። ከጥፍሯ ሥር ጥቁር ላባ ይበቅላል፤ እየነቀለች ትራሷ ውስጥ ትደብቀዋለች።

"ኧረ ይሄ መጽሐፍ እንቅልፍ ሊነሳን ነው!" ትላለች ሩቲ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

"ላቁም?"

"ምን ታቆሚያለሽ! አንብቢ እንጂ።"

አንድ ቀን ሩቲ ባሌት የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል ላሳይሽ ብላ ስልኳን አወጣች። ሁለቱ ራስ ለራስ ተጋጥመው ጠበቁ። ከዳንሰኛዋ ይልቅ ብዙ የተሽከረከረችው ቪዲዮው እስኪመጣ የምትዞረዋ ክብ ምልክት ነበረች። በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ሴት በጣቷ ጫፍ ቆማ፣ እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ ታየች፤ ደግሞ ደረቀች።

"ጣቷ አይሰበርም?" አለች ተረፈች።

"እንደ ነርስ ከጠየቅሽኝ ይሰበራል።"

ሳቁ። ሩቲ ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን ታነብ ነበር። "ነጯንም ጥቁሯንም የምትጨፍረው አንዷ ሴት ናት ይላል።"

"ልብስ ቀይራ?"

"ልብስ ብቻ። ተመልካቹ ሁለት ሰው ያየ ይመስለዋል።"

ተረፈች የሹራቡን እጅጌ እስከ መዳፏ ወደ ታች ሳበችው።

ልትነግራት ያላሰበችበት ቀን አልነበረም። "ዛሬ እነግራታለሁ" ብላ ትነሳለች፤ ሩቲ የግቢውን በር ገፋ አድርጋ "ሃኒዬ!" ስትላት ልቧ ይሸነፋል። ስሟን በቁልምጫ የሚጠራ ሰው ኖሯት አያውቅም፤ ስሙ የእሷ አለመሆኑን ለአንድ ምዕራፍ ያህል መርሳት ትፈልጋለች። መስቀል ሲደርስ ሁሉም እንደሚታወቅ ታውቃለች። እውነተኛዋ ሃኒ ከመኪና ትወርዳለች፤ ተረፈች ሳህን ታመላልሳለች። እስከዚያ ስንት ምዕራፍ እንደቀረ ገጾቹን በጣቷ እየለካች ታያለች።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ሩቲ እያነበበች ሳለ የእትዬ ዘይባ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ተሰማ።

"ተረፈች! አንቺ ተረፈች! ጥጃይቱን አይተሻታል?"

ሩቲ ቀና አለች። "ተረፈች ማናት?"

ተረፈች "ቤት ጠባቂዋ ናት" አለች።

"ሰው አለ እንዴ እዚህ? አይቻት አላውቅም።"

"ብዙም አትወጣም።"

"እናንተ አዲስ አበባ ስትሆኑ ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን ናት ማለት ነው? በዚህ ሁሉ ክፍል?" ሩቲ ወደ ፎቁ አንጋጠጠች። "ውይ፣ ምስኪን። ምን ታደርግ ይሆን ቀኑን ሙሉ?"

"እንጃ" አለች ተረፈች። "ጠይቄያት አላውቅም።"

እትዬ ዘይባ መልስ ሲያጡ እያጉረመረሙ ሄዱ። ሩቲ ወደ ንባቧ ተመለሰች። ተረፈች ግን ከዚያ ምዕራፍ አንድም ቃል አልሰማችም። በሕይወቷ ስለ እሷ የተጠየቀውን የመጀመሪያ ጥያቄ ራሷ ነበረች የዘጋችው።

ነሐሴ ላይ ነገሩ ከበደ። ሩቲ ስታነብ ቆይታ መሀሉ ላይ አቆመችና መጽሐፉን ጭኗ ላይ ደፋችው።

"ሃኒዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እምቢ ካልሽ አልቀየምም።"

"ጠይቂኝ።"

"እናቴ አምና ግማሽ ጎኗን ደም ግፊት መታት። ብቻዋን ናት። ጎረቤት ነው የሚያነሳት፣ ጎረቤት ነው የሚያስተኛት። እኔ እዚህ የሰው እናት መርፌ እወጋለሁ።" ሩቲ ለመሳቅ ሞከረች። "ዝውውር ብጠይቅ፣ ቡታጅራ አሁን ሌላ ዞን ነው ይሉኛል። ምትክ አምጪ ይሉኛል። ሰው የሌለው ሰው ምትክ ከየት ያመጣል? አባትሽ ለመንገዱም ለትምህርት ቤቱም የሚያዋጡ ትልቅ ሰው ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ወልቂጤ ላይ የሚያውቁት ሰው አይጠፋም። አንድ ቃል ቢናገሩልኝ..."

እውነቱን መናገሪያው ያ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ደግ ጊዜ እንደማይመጣ ተረፈች ያን ጊዜም ታውቅ ነበር። ግን ሩቲ እያየቻት ነው፤ ዐይኗ ውኃ አቅርሯል።

"አባዬን እጠይቀዋለሁ" አለች።

አባዬ። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አቶ ብርሃኑን የምትጠራቸው "ጋሼ" ብላ ነው። ሩቲ አንገቷን አቅፋ ጉንጯን ስትስማት ተረፈች እንደ እንጨት ደርቃ ተቀመጠች።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። ተረፈችን ግን ጥቂት አድምቋት ነበር፤ የሚያስፈራትም እሱ ነው።

መስከረም ገባ። ሩቲ ለሳምንት የማታ ተረኛ ሆነችና መምጣት አልቻለችም። ከመጽሐፉ የቀረው አንድ ምዕራፍ ነው። ተረፈች የመስቀሉን ዝግጅት ጀምራ ነበር፤ ግድግዳ ታጥባለች፣ አንሶላዎቹን ትገፍፋለች፣ ሣር ታጭዳለች። ሐሙስ ዕለት ፎቁ ላይ ውኃ ለቃ ስትወርድ መጽሐፉ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቆማ ገለጠችው። ደንቡን አፍርሳ፣ ቆማ ጨረሰችው።

ጥቁሯ ልጅ አዳራሹ መሀል ከልዑሉ ጋር እየጨፈረች ነው። ሕጉን ታውቃለች፤ ከመሐላው በፊት የራሷን ስም አንድ ጊዜ ከፍ አድርጋ ብትጠራ የተዋሰችው ፊት ይወድቃል፤ እሷም ነጯም ይድናሉ። አልጠራችም። ክፉ ስለሆነች አልነበረም። ሰው አቅፏት አያውቅም፤ "አንድ ዙር፣ አንድ ዙር ብቻ" እያለች ሙዚቃው አለቀ። ልዑሉ ማለ። ሐይቁ በመስኮቶቹ ገባ። በመጨረሻው ገጽ ውኃው ሸሽቷል፣ አዳራሹ ባዶ ነው፣ እሷ ብቻዋን ፊቱን ልታወልቅ ትታገላለች። አይወልቅም። ስሟን ልትጠራ ትሞክራለች። አታስታውሰውም።

ተረፈች መጽሐፉን ዘጋች። ባዶው ሳሎን ውስጥ "ተረፈች" አለች፣ ጮክ ብላ። ድምጿ ሻክሮ ወጣ። ጉሮሮዋን ጠረገችና ደገመችው።

ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ መንገዱን ወደ ገጠሩ ተያያዘችው። ሩቲ የተከራየችበትን ግቢ የምታውቀው በሩቅ ብቻ ነው። ሩቲ በረንዳ ላይ ጋውኗን በሳፋ እያጠበች አገኘቻት።

"ሃኒዬ! ምን እግር ጣለሽ?" ብድግ ብላ አረፋ የያዘ እጇን አራገፈች።

"ሃኒ አይደለሁም።"

"እ?"

"ስሜ ተረፈች ነው። ሃኒ የቤቱ ልጅ ናት። መጽሐፉም፣ ሹራቡም የእሷ ነው።"

ሩቲ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። "ተረፈች... ጠባቂዋ?"

"ጠባቂዋ።"

"ምስኪን ያልኳት?"

"አዎ።"

ሩቲ ከሳፋው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። "ይሄን ያህል ጊዜ ስታሾፊብኝ ነበራ።"

"አላሾፍኩም።"

"ታዲያ ምን ነበር?"

ተረፈች "እንድትመጪ ነበር" አለች።

ሩቲ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብሎ ሌላው ገባት። "ዝውውሬስ? ለአባትሽ... ለሰውየው አልነገርሽም።"

"አልነገርኩም።"

"ለእናቴ ነግሬያታለሁ እኮ። 'ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ፣ ሰው አግኝቻለሁ' ብያታለሁ። በአንድ እጇ አልጋዬን አንጥፋ ነው የምትጠብቀኝ! ጠባቂ መሆንሽ ምኔ ነው? ጠባቂ ነኝ ብትዪኝ አልመጣም ነበር? እሱን እንኳን እንድመርጥ ዕድል አልሰጠሽኝም።"

"ሩቲ..."

"ሂጂልኝ።" ከዚያ ፌስታሉን አየች። "ምንድን ነው?"

"መጽሐፉ። አንድ ምዕራፍ ቀርቶሻል።"

"የማን ነው? የሃኒ አይደል? ለባለቤቱ መልሺ።" ወደ ሳፋዋ ዞረች።

ተረፈች መጽሐፉን መልሳ ይዛ ሄደች፤ ከሃኒ አልጋ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አኖረችው። በቀጣዮቹ ቀናት ከፎቁ መስኮት ሆና ነጩ ጋውን በመንገዱ ሲያልፍ ታየዋለች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያልፋል። አይታጠፍም።

ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት መኪኖቹ መጡ። ቤቱ በአንዴ ሞላ፤ ሕፃናት ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ፣ እትዬ ሙሉ ቅቤ ያስነጥራሉ፣ ቆጮ ይጨመቃል፣ ጎመን ይከተፋል። ሃኒ ክፍሏ ገብታ ጥቁሩን መጽሐፍ አንስታ አገላበጠችው። "ይሄ የኔ ነው እንዴ? አንብቤው ይሆን?" አለችና አልጋው ላይ ወረወረችው።

በመስቀል ማግስት ጠዋት አቶ ብርሃኑ ጓሮ ብቻቸውን ቆመው እንሰቱን ሲያዩ ተረፈች ቀረብ አለች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።"

"ደሞዝ ነው?"

"አይደለም። እዚህ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ናት። እናቷ ቡታጅራ ታማባታለች፤ ዝውውር ትፈልጋለች።"

"ምንሽ ናት?"

ተረፈች መሬት መሬት አየች። "ጓደኛዬ ናት።" ዛሬም እውነት መሆኑን ማን ያውቃል።

"አንቺ ጓደኛ አለሽ እንዴ?" አሉ አቶ ብርሃኑ፤ ክፋት የለበትም፣ ገርሟቸው ነው። "በይ ስሟን ጽፈሽ ስጪኝ። ቃል ግን አልገባም።"

ጽፋ ሰጠቻቸው። ወረቀቱን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከከተቱት ሌላ ብዙ ወረቀት ጋር ከተቱት፤ በዓል ሲሆን አገሩ ሁሉ የሚጠይቃቸው አለው። ተረፈች ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ ያደረገችው ነገር ገባት። ጉዳዩ ከተሳካ ሩቲ ቡታጅራ ትሄዳለች። እነዚህ መኪኖችም ከአራት ቀን በኋላ ይወጣሉ። ክረምት ደግሞ ሁሌም ይመጣል። ቢሆንም ወረቀቱን መልሳ መውሰድ አላማራትም።

የዚያን ቀን ከሰዓት ሳሎኑ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው በእንሰት ምንጣፉ፣ በጅባው ላይ ተቀምጦ ነበር። ተረፈች ክትፎ የሞላ ጣባ በሁለት እጇ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ደጃፉ ላይ ሰው ቆሟል። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። ጋውን አልለበሰችም። ሩቲ ናት።

ጫጫታው ጥቂት ረገብ አለ። እትዬ ሙሉ ቀና ብለው "ነይ ልጄ፣ ግቢ፣ ግቢ" አሉ። "የማን እንግዳ ነሽ?"

"ከጤና ጣቢያው ነኝ" ብትል ይበቃት ነበር። ሩቲ ዐይኗን ሳሎኑ ላይ አዙራ ተረፈችን ፈልጋ አገኘቻት።

"የተረፈች" አለች።

"የማን?" አለች ሃኒ ከስልኳ ቀና ብላ።

"የተረፈች እንግዳ ነኝ።"

ተረፈች ጣባውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እትዬ ሙሉ ተነስተው ከእጇ ተቀበሏት። "ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? እንግዳ ብቻውን ይቀመጣል? ሂጂ ቁጭ በይ ከእንግዳሽ ጋር። ሃኒ፣ አንቺ ተነሺና አቅርቢ፤ ያን ስልክ አስቀምጪው።"

ለሁለቱ በግድግዳው ጥግ ቦታ ተለቀቀላቸው። ተረፈች በዚህ ሳሎን መስቀልን ተቀምጣ በልታ አታውቅም፤ ጉልበቷን ወዴት እንደምታጥፈው እንኳን ጠፋባት። ሩቲ ፊት ፊቷን እያየች በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረች።

"አልታረቅኩሽም።"

"አውቃለሁ።"

"ተረኛ ነበርኩ፣ አገር ቤት አልሄድኩም። ግቢው ውስጥ ሰው የለም፤ ርቦኝ ነው የመጣሁት።"

"ጥሩ አደረግሽ።"

"እናቴ አሁንም በየቀኑ እየደወለች መቼ ነው የምትመጪው ትለኛለች።"

"ጋሼን ጠይቄያቸዋለሁ። ቃል አልገቡም።"

ሩቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየቻት። "በማን ስም?"

"በራሴ።"

ሃኒ መጣችና ጣባውን፣ ከጎኑም በኮባ ቅጠል ላይ የተቆረጠውን ቆጮ አስቀመጠችላቸው። "ብሉ በሞቴ" አለች፣ የቸኮለ ፈገግታ ፈገግ ብላ፤ ወደሌሎቹ ሄደች። ሩቲ በዐይኗ ተከተለቻት።

"እሷ ናት?"

"እሷ ናት።"

ሩቲ አንዴ ሃኒን፣ አንዴ ተረፈችን አየች። "ምንም አትመሳሰሉም" አለች።

ተረፈች ከቆጮው ቆርሳ ክትፎውን ጠቀለለች። ጉርሻውን ወደ ሩቲ ዘረጋች፤ ሩቲም ጥቂት አስጠበቀቻት፣ ከዚያ አፏን ከፈተች።